«በራሴ ቤት እየሠራሁ እንዴት ከሰርሁ?»

የጠያቂያችን ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ጎንደር ከቅዳሜ ገበያ በማይርቅ ሠፈር፣ ከአባቴ በወረስሁት ቤት የመንገድ ዳር ክፍል ባልትና እሸጣለሁ። በርበሬ፣ ሽሮና መከለሻ አዘጋጃለሁ፤ ዛላም እቸረችራለሁ። የዕቃውን፣ የወፍጮውን፣ የመብራቱንና የምታግዘኝን ልጅ ከፍዬ በወር 19,000 ብር ያህል ይተርፈኛል። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባችው ልጄ የኢኮኖሚክስ መግቢያ ተምራ ለእረፍት ስትመጣ ደብተሯን አውጥታ አሰላችና ‹እማዬ፣ አንቺ እኮ በወር 900 ብር ኪሳራ ላይ ነሽ› አለችኝ። ክፍሏን ለሞባይል ሱቅ በ11,000 ብር ልከራይ የሚል ሰው አለ፤ አንድ ሆቴልም በወር 7,500 ብር ወጥ ቤቱን እንድይዝለት ጠይቆኝ ነበር። በዕቃ ላይ ያለው ገንዘቤ 240,000 ብር ይሆናል። ቤቱ የራሴ፣ ጉልበቱ የራሴ፣ ዕዳ የለብኝ፤ ኪሳራው ከየት መጣ? ልጄስ ንቃኝ ይሆን?

«ሌላም አለ። ከሦስት ዓመት በፊት በ95,000 ብር የገዛሁት ወፍጮ ተበላሽቶ ቆሟል። ማሠሪያው 38,000 ብር ነው፤ እንዳለ የሚገዛኝ 25,000 ይሰጣል። ለሰው ወፍጮ በወር 2,000 ብር እከፍላለሁ። 95,000 ያወጣሁበትን ዕቃ በ25,000 እንዴት እለቃለሁ? ደግሞም በኪሎ 380 የገዛሁት ዛላ ዛሬ ገበያ ላይ 520 ገብቷል፤ እኔ ግን ጎረቤት ላለማስቀየም በ430 እሸጣለሁ። በአዲሱ ዋጋ ብሸጥ ግፍ አይሆንብኝም? ገበያው በጣም ደህና ነው፤ ባለፈው ሳምንት አንድ የማላውቀው ሰው በሁለት ቀን 60 ኪሎ ወስዶልኛል።»

እትዬ፣

በዕድሜ የሚበልጡኝ ስለመሰለኝ እንዲህ ብዬ ልጀምር። ልጅዎ አልናቀችዎትም፤ ጠቡ የቃል ነው። በገበያ ቋንቋ «ከሰረ» የሚባለው መነሻውን የበላ፣ ዕዳ የገባ፣ በመጨረሻም ሱቁን የዘጋ ሰው ነው። እርስዎ በዚህ ትርጉም አልከሰሩም። ልጅዎ በተማረችው ትምህርት ግን ወጪ ማለት ከኪስ የወጣ ብር ብቻ አይደለም፤ አንድን ነገር ለመሥራት ሲባል የተተወው የተሻለው ሌላ አማራጭም ይቆጠራል። መምህራኑ በእንግሊዝኛ ስሙ ኦፖርቹኒቲ ኮስት ይሉታል፤ እኔ «የቀረ ጥቅም» ልበለው። የኢኮኖሚክስ መግቢያ ብዙ ምዕራፍ ቢኖረውም ለእርስዎ ቤት ከዚህ የሚበልጥ ቁም ነገር ያለው አይመስለኝም፤ የጠየቁኝ ሦስቱም ጥያቄዎች እዚሁ ላይ ያርፋሉ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ስኮትላንዳዊው አዳም ስሚዝ በ1776 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው ውስጥ የራሱን የአትክልት ቦታ በገዛ እጁ የሚያለማን ሰው ያነሣና ይህ ሰው በአንድ ገላ ሦስት ሰው መሆኑን ያስረዳል፤ ባለመሬት ነው፣ ገንዘቡን ያወጣ ባለሀብት ነው፣ የጉልበት ሠራተኛም ነው፤ ስለዚህ ከአትክልቱ የሚገኘው ገቢ ለመጀመሪያው ኪራይ፣ ለሁለተኛው ትርፍ፣ ለሦስተኛው ደመወዝ መሆን ይገባዋል። እርስዎም እንዲሁ ሦስት ሴት ነዎት። አንደኛዋ የቤት ባለቤት ናት፤ ክፍሏን ለባልትናው በነፃ ሰጥታለች። ሁለተኛዋ ገንዘብ ያላት ሴት ናት፤ 240,000 ብሯን ያለ ወለድ አበድራለች። ሦስተኛዋ ከጠዋት እስከ ማታ የምትቆመው ባለሙያ ናት፤ ደመወዜ የት አለ ብላ አታውቅም። ከሦስቱ አንዷም ስላልጮኸች፣ በወር መጨረሻ የተገኘው 19,000 ብር በሙሉ የባልትናው ትርፍ መሰለዎት።

የልጅዎን ስሌት ደብዳቤው ውስጥ ባላገኘውም ከየት እንደመጣ መገመት አላቃተኝም። ኪራይ 11,000፤ የሆቴሉ ደመወዝ 7,500፤ በዕቃው ላይ የታሰረው ገንዘብ ባንክ ቢቀመጥ በዓመት 7 በመቶ ሲታሰብ 16,800 ብር ይሆናል፣ ይህም በወር 1,400 ነው። ሲደመር 19,900 ብር ይመጣል። ከ19,000 በ900 ይበልጣል። 7 በመቶ የወሰደችው ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ስላደረገው ይመስለኛል። ስሌቷ ንጹሕ ነው፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንዲህ ካሰላች መምህሯም ተደስቶባታል ማለት ነው።

ነገር ግን ሦስት ቦታ ላይ እቃወማታለሁ።

የመጀመሪያውና ትልቁ የሆቴሉ ነገር ነው። እርስዎ «ጠይቆኝ ነበር» ነው ያሉት። ነበር! የቀረ ጥቅም የሚባለው ዛሬ እጅ ቢዘረጋ የሚገኝ ጥቅም እንጂ አምና ያለፈ ዕድል አይደለም። ሆቴሉ በዚህ መሐል ሌላ ሰው ቀጥሮ ከሆነና ሌላም ሥራ በቅርብ የማይታይ ከሆነ፣ 7,500ው ብር ከስሌቱ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ከኪራዩና ከወለዱ በላይ በየወሩ 6,600 ብር ለጉልበትዎ ይተርፍዎታል፤ ኪሳራ የሚለውም ቃል ይቀራል። እንግዲህ ከሁሉ አስቀድመው ይህን ያጣሩ። ሥራው አሁንም ካለ ደግሞ የሥራ ሰዓቱን ይጠይቁ፤ ምክንያቱም የእርስዎ ቀን ሱቁ ሲዘጋ አያልቅም። በርበሬ የሚሠራ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ማታ ሰፌድ ጭን ላይ አድርጎ ዛላውን አንድ በአንድ መቀንጠስ አለ፣ ጣት ያቃጥላል፣ ዓይን የነካች እጅ ሌሊቱን ሙሉ ታስለቅሳለች። ባለፈው ዓመት ባለቤቴ 5 ኪሎ ዛላ ቀንጥሳ ፀሐይ ላይ አስጥታ መልሳ ስትመዝነው 4 ኪሎ እንኳ አልሞላም። ያ የጎደለው ኪሎ በዋጋዎ ውስጥ ተቆጥሮ ሊሆን ይችላል፤ የማታው ሰዓት ግን በእርስዎም በልጅዎም ደብተር ላይ የለም።

ሁለተኛው ወለዱ ነው። 7 በመቶ ወለድ ትርፍ የሚሆነው የዕቃ ዋጋ ከዚያ ባነሰ ሲጨምር ነው። በ2014 ዓ.ም. የአገራችን የዋጋ ንረት በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር፤ በዚያ ወቅት 100 ብር ባንክ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ብር ሲያወጣ፣ ቀድሞ 100 ብር ያወጣ የነበረው ዕቃ 130 አልፎ ጠበቀው። በቁጥር ያተረፈ ሰው በእህል ከሰረ ማለት ነው። በበርበሬ ላይ ያለው ገንዘብዎ ግን ከበርበሬው ጋር አብሮ ከፍ ብሏል። ስለዚህ 1,400ው ብር በወረቀት ላይ ልክ ነው፤ እኔ ብሆን ግን እንቅልፍ አላጣበትም። በርበሬም ይነቅዛል፣ ይሻግታል፣ አዲስ ምርት ሲገባም ዋጋው ይወርዳልና ሙሉ በሙሉ አስተማማኝ ነው እያልሁ አይደለም።

ሦስተኛው በብር የማይለካው ነው። በራስዎ በር ላይ መቀመጥ፣ ሲያምዎት መዝጋት፣ ለቅሶ ሲኖር መሄድ፣ የማንንም የሥራ ኃላፊ ፊት አለማየት ዋጋ አለው። ኢኮኖሚክስ ይህን አይንቅም፤ እንዲያውም የተተወው ነገር ሲቆጠር የተገኘውም አብሮ ይቆጠር ይላል። «ለዚህ ነፃነት በወር 900 ብር ብከፍል አይቆጨኝም» ካሉ አልከሰሩም፤ ነፃነት ገዝተዋል። 3,000 ብር ቢሆንስ? 6,000 ቢሆንስ? የት ላይ «አይ፣ ይሄስ በዛ» እንደሚሉ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ያን ቁጥር ልጅዎ ልታሰላልዎት አትችልም፤ እኔም አልችልም።

አሁን ሁለታችሁም ያላነሣችሁትን ላንሣ። ልጅዎ የጠየቀችው «ባልትናው ይቀጥል ወይስ ይዘጋ?» የሚል ነው። ብዙ የቤተሰብ ክርክር እንዲህ ሁሉን ወይም ምንም በሚል መንገድ ይገባና መውጫ ያጣል። የኢኮኖሚክስ ሰው ግን በአብዛኛው የሚጠይቀው ከዚህኛው ትንሽ ቢቀነስ፣ ወደዚያኛው ትንሽ ቢጨመር ምን ይሆናል ብሎ ነው። ደንበኛዎ ወደ እርስዎ የሚመጣው መስኮቱን አይቶ ነው ወይስ እጅዎን አውቆ? የሞባይል ሱቅ መንገድ ዳር መሆን አለበት፤ አላፊ አግዳሚው ካላየው ይሞታል፤ 11,000 ብር የሚከፍለውም ለአራቱ ግድግዳ ሳይሆን ለዚያ ለመታየት ነው። ለመከለሻ ግን ሰው ሠፈር አቋርጦ፣ ግቢ ገብቶ፣ ውሻ አሳስሮ ይገዛል። የፊቱን ክፍል አከራይተው ባልትናውን ወደ ጓሮው ክፍል ቢያስገቡት ከመንገደኛ የሚገኘው ሽያጭ እንደሚቀንስ ግልጽ ነው። ታዲያ ምን ያህል? የወር ገቢዎ ከ19,000 ወደ 9,000 ቢወርድ እንኳ ከኪራዩ ጋር 20,000 ብር ይሆናል፤ ሥራውም ይቀልልዎታል። ከኪራዩ ላይ ግብር እንዳለ፣ ተከራይም ወር እየዘለለ ሊያስቸግር እንደሚችል አይርሱ። ውሉን የአንድ ዓመት አድርገው ይሞክሩት። ሲመርጡም በግምት አይምረጡ፤ ለአንድ ወር ያህል የምታግዝዎት ልጅ በየሽያጩ አጠገብ «ለይቶ የመጣ» ወይም «አላፊ» እያለች ትጻፍልዎት።

ወደ ወፍጮው ልሂድ፤ እዚህ ላይ ጭከና ያስፈልጋል። 95,000 ብሩ ሄዷል። ወፍጮውን ቢያሠሩትም፣ ቢሸጡትም፣ ግቢ ውስጥ ዝጎ ቢቀርም ያ ገንዘብ አይመለስም፤ በየትኛውም ምርጫ የማይለወጥ ነገር ደግሞ ለምርጫው ምክንያት ሊሆን አይችልም። ይህን ስል ከላይ ሆኜ እየመከርሁ እንዳይመስልዎት። እኔ ግቢዬ ውስጥ ጉድጓድ ሳስቆፍር አሥር ሜትር ላይ ውሃ ጠፍቶ ሳለ «ይህን ሁሉ አውጥቼማ» እያልሁ ሌላ አምስት ሜትር ያስጨመርሁ ሰው ነኝ። ዛሬ አሥራ አምስት ሜትር ጥልቀት ያለው ደረቅ ጉድጓድ አለኝ፤ ክዳን አሠርቼለታለሁ፣ እሱም ገንዘብ ፈጅቷል።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ብቻ ይቁጠሩ። ቢያሠሩት 38,000 ብር ያወጣሉ፤ እሱ ብቻ ሳይሆን ቢሸጡት የሚያገኙት 25,000ም ይቀርብዎታል፤ በድምሩ 63,000 ብር ነው የሚያስወጣዎት። የሚያገኙትስ? ለሰው ወፍጮ የሚከፍሉት 2,000 ብር ይቀራል፤ ከዚያ ላይ መብራትና አልፎ አልፎ የሚያስፈልገው ጥገና በወር 600 ይፈጃል ብንል 1,400 ይተርፋል። 63,000ን ለመመለስ 45 ወር፣ ማለትም አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ይፈልጋል፤ የገዙት ግን በሦስት ዓመቱ ቆሟል። ለጎረቤት እየፈጩ ተጨማሪ ገቢ ካላገኙበት በቀር ይሽጡት። በ25,000 ግን አይቸኩሉ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ ከውጭ የሚገባ ሞተርና መለዋወጫም አብሮ ተወዷል። መጠገኛውን ያስወደደው ይኸው ነገር ያገለገለ ወፍጮን ዋጋም ከፍ ያደርገዋልና ቢያንስ ሌላ ሁለት ሰው ያስጠይቁ።

የቀረው የበርበሬው ነው፤ የጻፉልኝም በዋናነት ለዚህ ይመስለኛል፣ «ግፍ» የሚል ቃል ያለው እዚህ ጋ ብቻ ነውና።

380ው ብር ያለፈ ታሪክ ነው፤ እንደ ወፍጮው 95,000። ዛሬ እጅዎ ላይ ያለው ዛላ የሚያወጣው 520 ነው፤ ሲሸጡት የሚተዉትም እሱን ነው። 100 ኪሎ በ430 ሸጠው 43,000 ብር ቢይዙና በ520 ሊተኩት ገበያ ቢወጡ 83 ኪሎ አይሞላልዎትም። ገንዘቡ በዝቶ በርበሬው አንሷል። ይህን ሦስት አራት ጊዜ ቢደጋግሙት ልጅዎ በወረቀት ላይ ያየችው ኪሳራ ሳይሆን ገበያ የሚያውቀው እውነተኛው ኪሳራ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለጎረቤትዎም የሚሸጥ በርበሬ አይኖርም። አዲስ ምርት ገብቶ ዋጋው 300 ቢወርድስ? ጎረቤትዎ «እትዬ በ380 ነው የገዛችው» ብሎ 430 ይከፍልዎታል? ወደ ጎን ያለው መደብ ይሄዳል፤ ልክም ነው።

ዋጋ የሚወጣው ነጋዴው ስለከፋ ብቻ አይደለም። በጥምቀት ሰሞን ከተማችን የመኝታ ዋጋ እንዴት እንደሚሆን ያውቃሉ፤ እንግዳው ከየአገሩ ይጎርፋል፣ አልጋው ግን በአንድ ሳምንት አይወለድም። በርበሬም ከቡሬና ከወንበርማ ተጭኖ የሚመጣ ነው፤ ዝናቡ ሲያበላሸው፣ መንገድ ሲቸግር፣ የጭነት ዋጋ ሲንር ሁሉም እዚያች ኪሎ ላይ ያርፋል። አያቶቻችን በአሞሌ ጨው ሲገበያዩም ይህን ያውቁት ነበር፤ በአንድ ማርትሬዛ ብር ትግራይ ላይ የሚገኘው አሞሌ ብዙ ሆኖ ጎንደር ሲደርስ ያንስ ነበር፣ ወደ ደቡብ በራቀ ቁጥርም ይበልጥ እያነሰ ይሄድ ነበር። የከፍተኛ ዋጋው ሥራ መራራ ቢሆንም ሥራ ነው፤ ገዥው ወጡን ቀጠን እንዲያደርግ፣ ቡሬ ያለው ነጋዴም ጭነቱን ወደዚህ እንዲያዞር ይነግረዋል።

ይህን ካልሁ በኋላ ለጎረቤት መራራትን ተዉት አልልዎትም። ጡረተኛዋን፣ ልጆች የበዙባትን ስም በስም ያውቋቸዋል። ለእነሱ በ430 ይስጡ፤ ግን ኪሎ 90 ብር እየሰጡ መሆኑን ይወቁትና በደብተርዎ ላይ «ስጦታ» ብለው ይጻፉት። ለአንድ ቤት በወር ሁለት ኪሎ ይበቃል። ለሌላው ሁሉ የገበያውን ዋጋ ይንገሩ፤ ቅር የሚለው ይኖራል፣ ሌላ ቦታ ጠይቆ ይመለሳል።

ምክንያቱም ያ በሁለት ቀን 60 ኪሎ የወሰደልኝ ያሉት ሰው፣ እትዬ፣ ለቤቱ በርበሬ የሚያስፈጭ አይመስለኝም። በ430 ከእርስዎ ገዝቶ በ520 ለሌላ ሰው፣ ምናልባትም ለራስዎ ጎረቤት፣ ሸጦታል። 60 ኪሎ በ90 ብር ሲባዛ 5,400 ብር ነው፤ ልጅዎ በወር 900 ብር ከሰርሽ ብላ ያስከፋችዎትን የስድስት ወር ገንዘብ በሁለት ቀን ለማያውቁት ሰው ሰጥተዋል። ተመልሶ ከመጣ 520 ይበሉትና ስንት ኪሎ እንደሚወስድ ይዩ።